ኔትም መብራትም በማይታመንበት ክፍል ማስተማር፦ ከወሎ ለመምህራን

ሰላም መምህራን። ይሄን የምጽፈው በተለይ አዲስ ተመድባችሁ ወደ ገጠር ለምትሄዱ፣ ክፍሉ 70 ተማሪ ይዞ ቤተ ሙከራው ደግሞ ባዶ ሆኖ ለሚጠብቃችሁ ነው። እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ ደቡብ ወሎ ውስጥ ከደሴ ወጣ ያለች የወረዳ ከተማ ላይ፣ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል። ያለፍኩበትን ሁሉ አልዘረዝርም፣ ይጠቅማችኋል ያልኩትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

2014 ላይ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ ያገኘነውን ወሎ ውስጥ ያኔ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ኮምፒውተሮቹ የሉም፣ ፕላዝማው የለም፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስና የተበተነ ወረቀት ብቻ ነው የቀረው፣ ወንበሩም ግማሹ ተሰብሯል። ልጆቹም እንደዛው፣ ተፈናቅሎ የከረመ አለ፣ ቤተሰቡን ያጣ አለ፣ በር ድንገት ድው ሲል የሚደነግጥ አለ። በዛ ላይ የባከነው ጊዜ መካካስ አለበት ተባለና ሁላችንም መጽሐፉን ለመጨረስ ሩጫ ገባን። ኖት እንጽፋለን፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ መጨረሻ ላይ "ገባችሁ?" ስንል "አዎ ቲቸር!" ይላሉ በአንድ ድምፅ፣ ደወል ይደወላል፣ በቃ። ከዛ ፈተና ሲመጣ ግማሹ ክፍል ባዶ ወረቀት።

ያ "አዎ ቲቸር" የሚባል መልስ ነው ዋናው ችግር። ልጁ ባይገባውም አዎ ነው የሚለው፣ እኛ አካባቢ ደግሞ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አልገባኝም ማለት ያፍራል፣ መምህሩን ማስቸገር ይመስለዋል። ስለዚህ ከዛ በኋላ አንድን መሳሪያ፣ ወረቀትም ይሁን ስልክ፣ የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ያሳየኛል ወይስ አያሳየኝም? የማያሳየኝ ከሆነ ስንት ብር ቢያወጣም ለኔ ክፍል አይሆንም።

መጀመሪያ የሰራው ነገር ቴክኖሎጂ አልነበረም፣ ወረቀት ነው። አንድ ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ በየሩቡ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ በትልቁ ይጻፍበታል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ይሰራል፣ ደብተሩ ውስጥ ያስቀምጣል። ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ትጽፋላችሁ፣ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ያስባሉ፣ ከዛ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ስትሉ ሁሉም በአንዴ መልሱን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደናንተ ያዞራል። ደረት ላይ የምለው ያለምክንያት አይደለም፣ ወደ ላይ ከፍ ካደረጉት ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን አይቶ ይቀዳል። በአንዴ መሆኑም እንደዛው፣ ትንሽ ጊዜ ከሰጣችኋቸው ሁሉም የጎበዙን ልጅ እጅ ነው የሚያየው።

ከዛ ምን ታደርጋላችሁ? እዚህ ላይ አንድ የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር፣ ኤሪክ ማዙር፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (በፈረንጅ) የተጠቀመበት መንገድ አለ፣ ለኛ 70 ተማሪ ክፍል የተሰራ ነው የሚመስለው። ትክክል የመለሰው ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ አጠር አድርጋችሁ አብራርታችሁ እለፉ። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ርዕሱን እንደገና አስተምሩ፣ መወያየት ምንም አያመጣም ምክንያቱም የሚያውቅ ልጅ የለማ። መሀል ላይ ከሆነ ግን መልሱን አትንገሩ፣ "ከጎንህ ካለው ጋር ተከራከር፣ አሳምነው" በሏቸው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡ፣ ከዛ እንደገና ካርድ። ክፍሉ ይንጫጫል፣ ዳይሬክተሩ በመስኮት ብቅ ሊል ይችላል፣ ቀድማችሁ ንገሩት። ልጅ ለልጅ ሲያስረዳ በራሱ አማርኛ ነው የሚያስረዳው፣ የኛ መጽሐፍ ደግሞ ከዘጠነኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ጊዜ ፊዚክሱ ሳይሆን ቋንቋው ነው የሚያስቸግራቸው። ስለዚህ ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ ጠይቁ፣ ሀሳቡ ከገባቸው በኋላ የእንግሊዝኛውን ቃል ስጡ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ዛሬም ድረስ የምጠቀምበት ነው። ባትሪ ድንጋይ፣ አምፖል፣ ሽቦ ሰሌዳ ላይ ሳሉ። ከረንቱ አምፖሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ሲወዳደር፦ ሀ) ከወጣ በኋላ ያንሳል፣ ለ) እኩል ነው፣ ሐ) ይጨምራል፣ መ) ዜሮ ይሆናል። ካርድ ሲወጣ አብዛኛው ክፍል ሀ ነው፣ በየአመቱ ሀ ነው። "አምፖሉ በላው" ይላሉ። ትክክሉ ለ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ቻርጁ አይበላም፣ አምፖሉ የሚወስደው ኢነርጂውን ነው። ግን ኦምስ ሎው (ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን የሚያገናኘውን ሕግ) በቃላቸው የሚወጡ፣ ስሌቱን አሳምረው የሚሰሩ ልጆች ናቸው ሀ የሚያወጡት። ይሄን ካርዱ ባያሳየኝ ኖሮ በምንም አላውቀውም ነበር፣ እነሱም እስከ 12ኛ ክፍል ይዘውት ይሄዱ ነበር። 2015 ጥቅምት ላይ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል ብዙ ሰው ደነገጠ፣ እኔ ግን እነዛን የሀ ካርዶች ነው ያሰብኩት።

ስልክ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፌት (PhET) የሚባል ነገር አለ፣ አሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የሳይንስና የሂሳብ ሲሙሌሽን ነው፣ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 በፈረንጅ የጀመረው፣ ነፃ ነው። ጥሩነቱ እያንዳንዱ ሲሙሌሽን አንድ ፋይል ሆኖ ዳውንሎድ ይደረጋል፣ ከዛ ኔት ሳይኖር ስልክ ላይ በክሮም ይከፈታል። አንዳንዶቹ በአማርኛም ተተርጉመዋል። የሰርኪዩቱን ከፍታችሁ ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል ታገናኛላችሁ፣ አምሜትሩን (የከረንት መለኪያውን) አንዴ ከአምፖሉ በፊት አንዴ ከአምፖሉ በኋላ ታስገባላችሁ፣ ቁጥሩ አንድ ነው። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ግን አንድ ስልክ፣ 70 ልጅ። ብዙ መምህራን ላይ ያየሁት ችግር እዚህ ነው፣ ስልኩን ከወንበር ወንበር ያዞሩታል፣ 40 ደቂቃው ሲያልቅ ስልኩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ የቀረው ክፍል ደግሞ ወሬ ላይ። እንዲህ አድርጉት፦ ከያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ተወካይ ወደ ጠረጴዛችሁ ጥሩ፣ በሁለት ዙር። ከማየታቸው በፊት ግምታቸውን ይናገሩ፣ ከዛ አሳዩአቸው፣ አምሜትሩን ራሳቸው ያንቀሳቅሱት፣ ተመልሰው ለቡድናቸው ያስረዱ። ከዛ ጥያቄው በካርድ እንደገና ይጠየቅ። ሁልጊዜ ጎበዙን ልጅ አትጥሩ፣ ተወካዩ ይቀያየር። ዝምተኛዋን ከኋላ የምትቀመጠውን ልጅ ስትጠሯት መጀመሪያ ትፈራለች፣ አብሽሪ በሏት፣ ቡድኗ ጋር ተመልሳ ስታስረዳ ነው የምትለወጠው። አንድ አመት እንዲህ ስንሰራ የከረመች ልጅ አሁን ደሴ ላይ ለታናናሾቿ ፊዚክስ ታስጠናለች፣ እናቷ ገበያ ስንገናኝ ሁልጊዜ ትመርቀኛለች።

ሲሙሌሽን ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁ "ስልክ ውስጥ ነዋ" ሊል ይችላል፣ ያም ትክክል ነው፣ እውነተኛ ነገር መንካት አለበት። ሁሉም ሰው የሚጥለውን የተበላሸ የእጅ ባትሪ ሰብስቡ፣ ውስጡ ያለችው ነጭ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ ደህና ናት። አንድ አዲስ ድንጋይ ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፣ ነጯ ኤልኢዲ ደግሞ 3 ቮልት አካባቢ ትፈልጋለች። መጀመሪያ በአንድ ድንጋይ አገናኙት፣ አይበራም። "ተቃጥሏል" ይላሉ። ከዛ ሁለቱን ድንጋይ በተከታታይ ስታደርጉት ይበራል። ከዛ ገልብጡት፣ ይጠፋል። በዚህች በአንዲት ትንሽ ነገር ቮልቴጅ መደመርንም፣ ዳዮድ (ኤልኢዲዋ ራሷ ዳዮድ ናት) በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያስተላልፍም አሳያችሁ ማለት ነው። ረጅሟ እግር ወደ ፖዘቲቩ ናት። ግን እባካችሁ 9 ቮልቱን ባትሪ በቀጥታ አታገናኙባት፣ ትቃጠላለች፣ የግድግዳ ሶኬት ደግሞ በምንም አይነት፣ ልጆቹ ቤታቸው ሄደው እንደሚሞክሩት አስባችሁ ነው መናገር ያለባችሁ።

ሌላው ፋይፎክስ (phyphox) ነው፣ ጀርመን አኸን ካለ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነፃ አፕ፣ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች መለኪያ ያደርጋቸዋል፣ ያለኔት ይሰራል። የድምፅን ፍጥነት የምንለካው በሱ ነው። ሁለት ስልክ 5 ሜትር ተራርቆ ይቀመጣል፣ የሌላ መምህር ስልክ ተዋሱ፣ በሁለቱም ላይ አኩስቲክ ስቶፕዎች (በድምፅ የሚነሳና የሚቆም ሰዓት) ይከፈታል። አንዱ ስልክ ጎን ያለው ልጅ ያጨበጭባል፣ ሁለቱም ይጀምራሉ፣ ከዛ ሌላኛው ያጨበጭባል፣ ሁለቱም ይቆማሉ። የሁለቱ ስልክ ልዩነት ድምፁ ደርሶ መልስ የፈጀበት ነው፣ 10 ሜትርን ለሱ ስታካፍሉት 340 አካባቢ ይመጣል። ፀጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ሜዳ ላይ ውጡ። አንዳንድ ቦታ ለዚህ ፊኛ አፈንዱ የሚል ምክር ታያላችሁ፣ እኛ ጋር አታድርጉት። ጦርነት ያየ ልጅ ባለበት ክፍል ምንም የሚፈነዳ ነገር አይፈነዳም፣ ጭብጨባ ይበቃል፣ ጭብጨባውንም ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስልክም ባይኖር አብሽሩ፣ 1 ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ 10 ደርሶ መልስ 20 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ድንጋዩን በከባድ ለውጡትና ጊዜው ይለወጥ እንደሆነ በካርድ አስገምቱ። ያው መልሱን ታውቁታላችሁ፣ የነሱን ፊት ግን እዩት።

እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነበር። ከዛ ቴሌግራም ተጀመረ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 2015 ላይ ሲመጣ መጽሐፉ ታትሞ በበቂ ስላልደረሰ ሁሉም ሰው በፒዲኤፍ ነበር የሚሰራው፣ እኛም ግሩፕ ከፈትን፣ መጽሐፉን፣ ወርክሺቱን፣ የድምፅ ማብራሪያውን እዛ መላክ ጀመርን። ስልክ ያለው ልጅ ለሌለው ያሳያል፣ ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ሲመጣ በአባቱ ስልክ የሚያይም ነበር። ጥሩ እየሄደ ነው ስንል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ግሩፕ ላይ የነበረው ሁሉ እዛው ቀረ። ፋይሉ ቴሌግራም ላይ አለ ብሎ ከስልኩ ያጠፋው መምህር ባዶ እጁን ሆነ፣ ፋይሉን ሚሞሪ ካርድ ላይ ያስቀመጠው ደግሞ አመቱን ሙሉ አስተማረበት። የሁሉም ነገር መዞሪያ ለኔ ይሄ ነው። ከዛ ወዲህ ኔት የሚፈልግ ነገር ላይ ትምህርት አልመሰርትም፣ ኔት ካለ ተጨማሪ ነው፣ ከሌለ ምንም አይጎድልም።

ስለዚህ ክረምት ላይ፣ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ወይ ወልድያ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትገኙ፣ የምታስተምሩበትን ክፍል መጽሐፍና የመምህሩን መምሪያ በፒዲኤፍ፣ የርዕሶቻችሁን የፌት ፋይሎች፣ ፋይፎክስን፣ ሂሳብ ለምታስተምሩ ጂኦጀብራን (አፑ ያለኔት ይሰራል)፣ ኪዊክስን (Kiwix) ከዊኪፒዲያ ጋር አውርዱ። ኪዊክስ ሙሉ ዊኪፒዲያን ያለኔት የሚያሳይ አፕ ነው፣ የእንግሊዝኛው ትልቅ ስለሆነ ያለፎቶውን ወይም የተመረጠውን ውሰዱ። ሁሉንም ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ፍላሽ ላይ። ካወረዳችሁ በኋላ ዳታ አጥፍታችሁ አንድ በአንድ ክፈቷቸው፣ ገጠር ገብቶ አልከፈት ሲል ማየት ያናድዳል። ለስራ ባልደረባ ለማካፈል ዜንደር (Xender) የሚባለው አፕ በቂ ነው፣ ከስልክ ወደ ስልክ ያለዳታ ያስተላልፋል። ኔት ሲመለስ ደግሞ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ፣ ግሩፕ ላይ ሰላምታውና ስቲከሩ ወርክሺቱን ይውጠዋል።

ሮስተርን (የክፍሉን ውጤት ማጠቃለያ) ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል ምክንያቱም የሴሚስተር መጨረሻ ላይ መምህሩን ገድሎ የሚጥለው እሱ ነው። ኤክሴል ስልክ ላይ ይሰራል። የተማሪ ስም አንዴ ከተጻፈ በኋላ ድምሩን ሰም (SUM) በሚባለው ፎርሙላ፣ ደረጃውን ራንክ (RANK) በሚባለው ያወጣዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፦ ራንክ ላይ የሁሉንም ተማሪ ድምር የሚያሳየውን ክልል ስትጽፉ የዶላር ምልክት ካላደረጋችሁበት፣ ፎርሙላውን ወደ ታች ስትስቡት ክልሉም አብሮ ይወርዳል፣ ከዛ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ልጅ አንደኛ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ካለቀ በኋላ ሦስት አራት ልጅ መርጣችሁ በእጅ አረጋግጡ። ስልካችሁ ላይ ፓስወርድ አድርጉ፣ የክፍሉን ውጤት በሙሉ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ፣ የመጨረሻዋ የወጣችው ልጅ ስሟ በየሰው ስልክ መዞር የለበትም። 2014 ላይ የተማሪ መዝገብ መሬት ላይ ተበትኖ ያየ ሰው ስለሆንኩ ደግሞ በየሴሚስተሩ አንድ ኮፒ ታትሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ እላለሁ፣ ትራንስክሪፕት ፍለጋ ሲንከራተቱ የኖሩ ልጆችን አውቃለሁ።

ካርድ ስታስወጡ ክፍሉን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቆሞ መቁጠር ጊዜ ይወስዳል፣ ማታ ቁጭ ብላችሁ ማን ምን እንደመለሰ ታያላችሁ፣ ለተከታታይ ምዘናም ይረዳል። መዝግባችሁ ስትጨርሱ ግን ፎቶውን አጥፉት፣ የሰው ልጆች ናቸው።

መብራት ነገርስ? ፓወር ባንክ ግዙ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት። ክፍል ስትገቡ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ በዛ ላይ መሀል ላይ አይደወልም። ጁምዓ ቀን ከሰዓት ብዙ ልጅ ወደ መስጊድ ስለሚሄድ፣ የገበያ ቀን ደግሞ ቤተሰብ የሚያግዝ ስለሚቀር፣ ሙከራ ያለበትን ክፍለ ጊዜ በነዛ ቀኖች አታድርጉት። ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ግን ያለፈውን ሙከራ ያላየ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ወደኋላ ይቀራል።

12ኛ ክፍል ለምታስተምሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2016 ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል፣ የኛ ልጆች ውስጥ ደግሞ ማውስ ነክቶ የማያውቅ ሞልቷል። እውቀቱ እያለው ስክሪኑ ላይ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድ ያቃተው ልጅ ያሳዝናል። ኮምፒውተር አንድም ቢሆን ካላችሁ፣ ከመጋቢት ጀምሮ በየተራ እያስገባችሁ አንዱን መልስ መምረጥ፣ መቀየር፣ ወደኋላ ተመልሶ የዘለሉትን ማየት፣ ሰዓቱን ማየት አለማምዷቸው። ከሌላችሁ ጉድኝት ማዕከሉን (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተባብረውን) ወይም ጎረቤት ያለውን ትምህርት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይፈቅዳሉ፣ ሴቶቹን ደግሞ መጀመሪያ አስገቡ፣ አለበለዚያ ወንዶቹ ማውሱን አይለቁላቸውም።